ጥርስ የሚመስል ሙሌት፦ ከብረቱ ይልቅ ነጩን ለማስሞላት ለምታስቡ

አብዛኞቻችን ነጭ ሙሌት የምንመርጠው ለመልኩ ነው። ስንስቅ ከመንጋጋችን ጥቁር ነገር ብቅ እንዳይል። ነውር የለውም፤ እኔም የጀመርኩት በዚሁ ምክንያት ነው። ቆይቶ የገባኝ ግን ሌላ ነገር ነው። የብረቱ ሙሌት ጉድጓድ ውስጥ ተጠቅጥቆ ይቀመጣል። ነጩ ከጥርሱ ጋር ይጣበቃል። የሚጣበቅ ነገር ደግሞ ደረቅ ቦታ ይፈልጋል፤ የማይቸኩል እጅም ይፈልጋል። ቀጠሮ ስትይዙ የምትጠይቁት፣ ወንበሩ ላይ የምትታገሡት፣ ቤት ገብታችሁ የምትከታተሉት ሁሉ ከዚህች አንድ ነገር ይመጣል።

ሐኪም አይደለሁም። አፌ ውስጥ ሁለቱም ዓይነት ሙሌት ያለኝ፣ ጥያቄ የማበዛ ታካሚ ነኝ። ጥርሳችሁን ያየው ሐኪም የሚላችሁ ከእኔ ይቀድማል።

## መጀመሪያ ቁሶቹን እንወቃቸው

የብረቱ ሙሌት አማልጋም ይባላል። አንዳንዱ ሰው "የብር ሙሌት" ይለዋል፤ ነገር ግን በክብደት ግማሽ ያህሉ ሜርኩሪ ነው፣ በድሮ ስሙ ባዜቃ። ቀሪው የብር፣ የቆርቆሮና የመዳብ ዱቄት ነው። ሜርኩሪው ዱቄቱን ይዞ እንደ ሊጥ ያለሰልሰዋል። ሐኪሙ ጉድጓዱ ውስጥ ይጠቀጥቀዋል፤ በሰዓታት ውስጥ ይጠነክራል። ከ150 ዓመት በላይ ያገለገለው በከንቱ አይደለም። ጠንካራ ነው፣ ርካሽ ነው፣ ትንሽ ምራቅ ቢነካውም ብዙ አይከፋም። ችግሩ አይጣበቅም። ስለዚህ ወልቆ እንዳይወጣ ጉድጓዱ እንደ እንስራ ይቆፈራል፤ አፉ ጠበብ፣ ሆዱ ሰፋ ብሎ። ይህን ለማድረግ ጤነኛ ጥርስም አብሮ ይነሳል።

ነጩ ኮምፖዚት ይባላል። ሬዚን የሚባል ሙጫ ውስጥ በጣም የደቀቀ የመስታወት ወይም የሲሊካ ብናኝ የተደባለቀበት ነው። ዛሬ የምናውቀው ኮምፖዚት የሁለት ሥራዎች ልጅ ነው ማለት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1955 ማይክል ቦኖኮር የተባለ ተመራማሪ የጥርስን የላይ ሽፋን በፎስፎሪክ አሲድ አሻክሮ ሙጫ እንደሚይዝለት አሳየ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ ራፋኤል ቦወን ለሙሌት የሚሆነውን ሬዚን ሠራ። ሙሌቱ ስለሚጣበቅ ሐኪሙ የተበላውን ክፍል ብቻ አንሥቶ ማቆም ይችላል። ለእኔ ከመልኩ የሚበልጠው ጥቅሙ ይሄ ነው።

ሦስተኛም አለ፤ ግላስ አዮኖመር። እሱም ነጣ ያለ ነው። ከጥርስ ጋር በራሱ ኬሚስትሪ ይያያዛል፣ እርጥበትን ከኮምፖዚት ይልቅ ይታገሣል፣ ፍሎራይድም ቀስ እያለ ይለቃል። ጥንካሬው ግን ያንሳል። ብዙ በሚታኘክበት የመንጋጋ ጥርስ ላይ ቶሎ ያልቃል ወይም ይሰነጠቃል። ለልጆች ጥርስ፣ ለድድ አጠገብ ጉድጓድና ለጊዜያዊ ሙሌት ተመራጭ ነው። "ነጭ ሞላልኝ" ያለ ሁሉ ኮምፖዚት አስሞልቷል ማለት እንዳልሆነ ልብ በሉ። የቱ እንደሆነ በስሙ ጠይቁ።

## ስለ ሜርኩሪው አጭር ወሬ

ይህ ጉዳይ ሰውን ከልክ በላይ ያስደነግጣል፤ ወይም ጨርሶ አያስጨንቅም። እውነቱ መሀል ላይ ነው። ከአማልጋም ትንሽ የሜርኩሪ ተን ይወጣል፤ በተለይ ሲሞላና ሲወጣ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው ምክር ነፍሰ ጡሮች፣ ለማርገዝ ያሰቡ፣ የሚያጠቡ፣ ልጆች (በተለይ ከ6 ዓመት በታች)፣ የነርቭ ሕመም ያለባቸው፣ ኩላሊታቸው የተዳከመና ለሜርኩሪ አለርጂ ያለባቸው ሰዎች በተቻለ መጠን በሌላ ቁስ ቢያስሞሉ ይሻላል ብሏል። የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ፣ ለታካሚው የግድ ሲያስፈልግ ካልሆነ በቀር፣ አማልጋም መሙላትን አቁሟል። ለዚህ ትልቁ ምክንያት አካባቢ ነው። ሜርኩሪ ውኃ ውስጥ ከገባ ዓሣ ውስጥ ይገባል፤ ዓሣውን ደግሞ ሰው ይበላዋል። እ.ኤ.አ. በ2013 ሜርኩሪን ለመቀነስ የተፈረመው ዓለም አቀፉ የሚናማታ ስምምነትም አገሮች አማልጋምን ቀስ በቀስ እንዲቀንሱ ያስገድዳል።

ያው የአሜሪካው ተቋም ግን አፋችሁ ውስጥ ያለውን፣ ያልተሰበረውንና ሥሩ ያልተበላውን አማልጋም አስወጡ አይልም። እንዲያውም በደህና ቀን አታስነኩት ነው የሚለው። ለምን እንደሆነ መጨረሻ አካባቢ እመለስበታለሁ።

## ደረጃ 1፦ ጉድጓዱ በእርግጥ ሙሌት ይፈልጋል?

ጥቁር ነጥብ ሁሉ ጉድጓድ አይደለም። የጥርስ የላይ ሽፋን ገና መድከም ሲጀምር ነጣ ያለ ወይም ቡናማ ምልክት ይታያል። ገጹ ካልተቦረቦረ በፍሎራይድና በጽዳት ሊቆም ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ "ዶክተር፣ ይሄ ተቦርቡሯል ወይስ ገና ነው?" ብላችሁ ጠይቁ። በሁለት ጥርሶች መሀል ያለ ጉድጓድ ደግሞ ብዙ ጊዜ በዓይን አይታይም፤ ራጅ ያስፈልገዋል። ያለ ራጅ "ሦስት ጥርስ ይሞላ" ከተባላችሁ ለምን እንደሆነ መጠየቅ መብታችሁ ነው።

የሕመሙን ጠባይም አስተውላችሁ ሂዱ። ቀዝቃዛ ወይም ጣፋጭ ሲነካው ጠቅ አድርጎ ወዲያው የሚተው ከሆነ፣ ብዙ ጊዜ ሙሌት ይበቃዋል። ቀዝቃዛው ከሄደ በኋላም ደቂቃዎች የሚቆይ፣ ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ፣ ያለ ምክንያት የሚነሳ ከሆነ ግን ነርቩ ተነክቶ ይሆናል። ያኔ ነጭ ይሁን ብረት የሚለው ክርክር ትርጉም የለውም፤ የሥር ሕክምና ወይም መንቀል ነው የሚቀጥለው። ፊት ካበጠ ወይም ትኩሳት ካለ ቀጠሮ አትጠብቁ፤ በዚያው ቀን ሂዱ። ለመተንፈስ ወይም ለመዋጥ ከተቸገራችሁ ደግሞ ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ነው።

## ደረጃ 2፦ ነጩ ለዚህ ጥርስ ይሆነዋል?

ለፊት ጥርስ ጥያቄ የለውም። ለመንጋጋም ጉድጓዱ ትንሽ ወይም መካከለኛ ከሆነ፣ ዙሪያውም ጤነኛ ሽፋን ካለው ነጩ ጥሩ ነው።

የሚከብደው እዚህ ነው፦

- ጉድጓዱ ከድድ በታች ወርዶ ደምና እርጥበት የማይቆምበት ሲሆን፤
- የጥርሱ ግማሽ ሄዶ፣ ጫፎቹ ተሸርፈው የቀረ ሲሆን፤
- ሌሊት ጥርስ የሚያፋጭ ሰው ሲሆን፤
- አፉን ከፍቶ መቆየት የማይችል ሕፃን ሲሆን።

በመጀመሪያው ግላስ አዮኖመርን ከሥር አድርጎ ኮምፖዚትን ከላይ መደረብ አንዱ መፍትሔ ነው። በሁለተኛው ላይ ግን ጠንከር ልበል። ትልቅ ጉድጓድ በነጭ ተሞልቶ ርካሽ መሆኑ ሊያስደስት ይችላል፤ ግን ጥርሱ ራሱ የሚሰነጠቀው ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለው ላይ ነው። ሐኪሙ "ክራውን (ጥርሱን ከላይ የሚሸፍን ቆብ) ይሻላል" ካለ ገንዘብ ፍለጋ ነው ብላችሁ አትቸኩሉ። ራጁን ያሳያችሁ፣ የቀረው ግድግዳ ምን ያህል እንደሆነ ይጠቁማችሁ። ለሚያፋጭ ሰው ደግሞ ሌሊት የሚለበስ የጥርስ መከላከያ ሳይኖር ማንኛውም ሙሌት ዕድሜው ያጥራል።

ቀጠሮ ከመያዛችሁ በፊት ሁለት ነገር ጠይቁ። አንዱ፣ "ጥርሱን ከምራቅ የምትለዩት በምንድን ነው?" የሚለው ነው። ራበር ዳም የሚባል ስስ የጎማ ሉህ አለ፤ የሚሞላው ጥርስ ብቻ በቀዳዳው ብቅ ይላል። እሱ ባይኖር ጥጥና ጥሩ የምራቅ መምጠጫ የያዘ ረዳት አጠገብ ከቆመም ይሠራል። ሁለተኛው፣ "ለአንዱ ጥርስ ስንት ደቂቃ ትይዛላችሁ?" የሚለው ነው። ነጩ ከብረቱ የበለጠ ጊዜ ይወስዳል። በመንጋጋ ላይ ያለ መካከለኛ ጉድጓድ በ10 ደቂቃ ያልቃል የሚል መልስ ከሰማችሁ እኔ ብሆን ሌላ ቦታ እጠይቃለሁ።

## ደረጃ 3፦ ጥርስ ማንጣት ካሰባችሁ ቀድማችሁ አንጡ

ይህ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው። ኮምፖዚት አንዴ ከደረቀ በኋላ ማንጫ አያነጣውም። ጥርሳችሁ ይነጣል፤ ሙሌቱ በቀድሞ ቀለሙ ይቀራል። ፊት ላይ ከሆነ ያስታውቃል። ስለዚህ ማንጣት መጀመሪያ፣ ሙሌት በኋላ። በመሀሉም ሁለት ሳምንት ያህል ጠብቁ። ማንጫው ጥርስ ውስጥ ኦክስጅን ይተዋል፤ እሱ ሳይወጣ ሙጫው በደንብ አይይዝም። የጥርሱ ቀለምም በእነዚያ ቀናት ይረጋጋል።

## ደረጃ 4፦ የቀጠሮው ቀን

በልታችሁ ሂዱ። ማደንዘዣው ከንፈርና ምላስን ለሰዓታት ስለሚያደነዝዝ በቶሎ መብላት አትችሉም። ጥርሳችሁን ፍቁ፤ በክርም አጽዱ። ድዳችሁ ሲነካ የሚደማ ከሆነ ቀድማችሁ ተናገሩ፤ አንዳንዴ መጀመሪያ ጽዳት ተሠርቶ ድዱ ካገገመ በኋላ መሙላት ይሻላል። እርግዝና፣ የምትወስዱት መድኃኒት፣ የልብ ችግር፣ ከዚህ በፊት ማደንዘዣ ያስቸገራችሁ ከሆነ፣ ሁሉንም ተናገሩ። ጊዜያዊ ሙሌት ካላችሁም ንገሩ። ቅርንፉድ ቅርንፉድ የሚለው ዓይነት ዩጀኖል አለበት፤ እሱ ደግሞ የሬዚንን መድረቅ ያሰናክላል። ሐኪሙ አውቆ በደንብ ያጸዳዋል።

## ደረጃ 5፦ ወንበሩ ላይ የሚሆነው

ምን እየተሠራ እንደሆነ ስታውቁ ፍርሃቱም ይቀንሳል፤ የተዘለለ ነገር ካለም ታስተውላላችሁ።

ቀለም መምረጥ መጀመሪያ ነው፤ ጥርሱ ገና እርጥብ እያለ። አፍ ለረጅም ጊዜ ሲከፈት ጥርስ ይደርቅና ከተፈጥሮው ይነጣል። ያኔ የተመረጠ ቀለም ነገ ይሳሳታል። ሐኪሙ ከ"ኤ" እስከ "ዲ" የሚሄዱ የቀለም ናሙናዎችን ጥርሳችሁ አጠገብ ያደርጋል። ከተቻለ በመስኮት ብርሃን እንዲታይ ጠይቁ። በነገራችን ላይ ስትጨርሱ በመስታወት ብታዩትና ጥርሳችሁ ከሙሌቱ ቢነጣ አትደንግጡ። ደርቆ ነው፤ በማግስቱ ይመለሳል።

ከዚያ ማደንዘዣ፣ ከዚያ ራበር ዳሙ። የተበላውን ክፍል በመሰርሰሪያና በማንኪያ መሰል መሣሪያ ያነሣሉ። ጥልቅ ከሆነ ከነርቩ አጠገብ ትንሽ ለስላሳ ክፍል ሆን ተብሎ ሊተው ይችላል። ነርቩን ላለመክፈት ነው፤ ቸልተኝነት አይደለም።

ጉድጓዱ ወደ ጎረቤት ጥርስ የሚከፈት ከሆነ ስስ ቀበቶ በጥርሱ ዙሪያ ይጠመጠማል። ከሥሩ ትንሽ ሽብልቅ ትገባለች። ድዱን ስትጫን ትንሽ ትቆነጥጣለች፤ ታገሡ። ያለ እሷ ሙሌቱ ከጎረቤቱ ጋር በትክክል አይገናኝም፤ ምግብ እየገባ ሲያስቸግራችሁ ይኖራል።

አሁን ዋናው። 37 በመቶ ገደማ ፎስፎሪክ አሲድ ያለበት፣ ብዙውን ጊዜ ሰማያዊ የሆነ ጄል ይቀባል። ከ15 እስከ 30 ሰከንድ ይቆያል፣ በውኃ በደንብ ይታጠባል። የላይ ሽፋኑ በዓይን የማይታዩ ቀዳዳዎች ያሉት ሸካራ ገጽ ይሆናል። ከዚህች ደቂቃ ጀምሮ ምራቅ ከነካው ሥራው ይበላሻል። እንደገና አሲድ መቀባት ነው። ስለዚህ ምላሳችሁን ወደዚያ አትላኩ፣ ለማውራትም አትሞክሩ። ምራቅ ከበዛባችሁ እጃችሁን አንሡ፤ ይመጥጡላችኋል። ከአሲዱ ቀጥሎ ቀጭን ማጣበቂያ ይቀባል፣ በአየር ይሳሳል፣ በሰማያዊ ብርሃን ይደርቃል። አሲዱን ለብቻው የማይፈልጉ ማጣበቂያዎችም አሉ፤ ጄሉን ካላያችሁ ተረሳ ብላችሁ አትፍረዱ።

ኮምፖዚቱ የሚገባው በንብርብር ነው። ብርሃኑ ጠልቆ ስለማይገባ መደበኛው ዓይነት እያንዳንዱ ንብርብር ከ2 ሚሊሜትር አይበልጥም። በአንዴ እስከ 4 ሚሊሜትር የሚሞላ ዓይነትም አለ። እያንዳንዱ በብርሃን ይደርቃል፤ እንደ መብራቱ ጉልበት 20 ሰከንድ ገደማ። ሬዚን ሲደርቅ በትንሹ ይኮማተራል። ብዙ በአንዴ ቢገባ ጠርዙን ከጥርሱ ስቦ ሊያላቅቀው ይችላል፤ ቀስ በቀስ የሚሞላበት አንዱ ምክንያት ይሄ ነው። ድምፁን ቁጠሩት፤ ጢጥ... ጢጥ... እያለ ሦስት አራት ጊዜ ብርሃኑ ሲበራ ደስ ሊላችሁ ይገባል። ብርሃኑን በዓይናችሁ አትዩት። ብርቱካናማ መነጽር የሚሰጡት ለዚህ ነው።

## ደረጃ 6፦ ከወንበሩ ሳትነሡ

ሙሌቱ ወዲያው ደርቋል፤ እንደ ብረቱ ሰዓት መጠበቅ የለም። ቀለም ያለው ወረቀት አስነክሰው ከፍ ያለበትን ቦታ ይፈልጋሉ፣ ይሞርዱታል፣ ይወለውሉታል። እዚህ ላይ አትፈሩ። ዝም ብላችሁ ወደ ታችና ወደ ላይ ብቻ አትንከሱ፤ ወደ ጎንም አፋጩ። "ትንሽ ከፍ ያለ ይመስለኛል" በሉ።

እኔ አላልኩም። ግማሽ ፊቴ ደንዝዟል፤ ሐኪሙም ተጣድፏል፤ "ደህና ነው?" ሲለኝ አንገቴን ነቀነቅኩ። ማደንዘዣው ሲለቀኝ ያ ጥርስ ከሌሎቹ ቀድሞ ይነካል። የአሸዋ ቅንጣት የምታክል ልዩነት ናት። ዘጠኝ ቀን በአንድ ጎን አኘክሁ። ነርቩ ተበላሽቷል ብዬ እንቅልፍ አጣሁ። ተመልሼ ስሄድ ሦስት ደቂቃ ሞርደው ሸኙኝ። የተማርኩት፣ ደንዝዛችሁ እያለ የሰጣችሁት "እሺ" የመጨረሻ ቃል አይደለም። በሁለትና በሦስት ቀን ውስጥ ንክሻችሁ ካልተስተካከለ ደውሉ።

## ደረጃ 7፦ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት

ድንዛዜው እስኪለቅ አትብሉ፤ ትኩስም አትጠጡ። ሰው ጉንጩን የሚነክሰው ያኔ ነው፤ ልጆች በተለይ ከንፈራቸውን ያኝካሉ። ከዚያ በኋላ በሙሌቱ መብላት ይቻላል። ለቀዝቃዛ ትንሽ መንዘር ለቀናት፣ አንዳንዴም ለሁለት ሳምንት ያህል ሊኖር ይችላል፤ እየቀነሰ ከሄደ አይክፋችሁ።

የማይጠበቀው እየባሰ የሚሄድ፣ ማታ የሚነሣ፣ ሙቅ ሲነካው የሚያመው ሕመም ነው። እሱን ይዛችሁ ወር አትቁጠሩ።

## ደረጃ 8፦ ዓመታቱ

ሐቁን ልንገራችሁ። በመንጋጋ ላይ በአማካይ ሲታይ አማልጋም ከኮምፖዚት የበለጠ ይቆያል። ነጩን የሚጥለው ብዙ ጊዜ ስብራት ሳይሆን በጠርዙ በኩል እንደገና የሚጀምር መቦርቦር ነው። በጥንቃቄ የተሠራና በጥንቃቄ የተያዘ ኮምፖዚት ግን ከአሥር ዓመት በላይ ሲያገለግል ማየት ብርቅ አይደለም።

ጠርዙን የምትጠብቁት እንዲህ ነው። ፍሎራይድ ባለው ሳሙና በቀን ሁለቴ መፋቅ፤ ለአዋቂ ከ1,000 እስከ 1,500 ፒፒኤም (ppm፣ የፍሎራይዱ መጠን) የተጻፈበትን ፈልጉ። ፍቃችሁ ስትጨርሱ ትፉት እንጂ በብዙ ውኃ አትጉመጥመጡ። በጥርስ መሀል የተሞላ ከሆነ ክር ግድ ነው፤ ብሩሽ እዚያ አይደርስም። ክሩ እየተቀደደ የሚወጣ ከሆነ ሙሌቱ ሸካራ ጠርዝ ስላለው ይወልወልላችሁ። ከስኳሩ መጠን ይልቅ ደግሞ ድግግሞሹ ነው የሚጎዳው፤ ጣፋጭ መጠጥ ቀኑን ሙሉ እየተጎነጩ መዋል አንዴ ጠጥቶ ከመጨረስ የከፋ ነው። ቡና፣ ሻይና ሲጋራ ነጩን ሙሌት ያደበዝዙታል። የላይ ላይ ከሆነ በመወልወል ይወጣል።

## የቆየውን ብረት አውጥቶ በነጭ መተካትስ?

ሲሰበር፣ ጠርዙ ሲበላ፣ ጥርሱ ሲሰነጠቅ፣ አዎ። ለመልክ ብቻ ከሆነ ቆም ብላችሁ አስቡ። በተሰረሰረ ቁጥር ከጤነኛው ጥርስ ትንሽ ይሄዳል፤ አዲሱ ጉድጓድ ከቀድሞው ይሰፋል፣ ወደ ነርቩም ይጠጋል። ከፍተኛው የሜርኩሪ ተን የሚወጣውም ሲሰረሰር ነው። ነፍሰ ጡር ከሆናችሁና ጥርሱ ካላመማችሁ እስክትወልዱ፣ ከተቻለም ማጥባት እስክታቆሙ ይቆይ።

የግድ ከሆነ ራበር ዳም ይደረግ፣ ውኃ እየፈሰሰበት ይሠራ፣ ጠንካራ መምጠጫ አጠገቡ ይሁን። ጎበዝ ሐኪም ብረቱን ዱቄት አያደርገውም፤ ዙሪያውን ቆርጦ በቁርጥራጭ ያወጣዋል። ስድስት ሙሌት በአንድ ቀን አታስቀይሩ። ለአፍም፣ ለመንጋጋ መገጣጠሚያም አይመችም፤ አንዱ ቢያምማችሁ የትኛው እንደሆነ እንኳ አታውቁም።

ነጩ ደግሞ አንድ ሌላ ጸጋ አለው። ጥግ ላይ ቢሸረፍ ወይም ጠርዙ ትንሽ ቢበላ ሁሉን ማውጣት ላያስፈልግ ይችላል። የተጎዳውን ቦታ ብቻ አሻክሮ፣ አዲስ ኮምፖዚት መለጠፍ ይቻላል። ስለዚህ "ሙሌቱ ይቀየር" ስትባሉ "መለጠፍ አይበቃውም?" ብላችሁ ጠይቁ።